ጥላ የሌለው እቅድ

ይድረስ ለወርቅነሽ፣ ለልጆቼ እናት፣ ባለሽበት።

ወርቄ፣ ካንቺ ወዲህ ሦስት ቡና ተለቀመ። አራተኛው አበባውን አራግፎ ፍሬ ይዟል። እኔ ደህና ነኝ። ቁልቁለት ስወርድ ጉልበቴ ትንሽ ይለግማል እንጂ ሌላ ምንም የለብኝም። ልጆቹ ከዘራ ገዝተው አመጡልኝ፤ ከበሩ ኋላ አስደግፌዋለሁ፣ እዚያው ይረፍ።

ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። ምስራች «አባ፣ አንተ ተናገር፣ እኔ በስልኬ ልጻፈው» አለችኝ። እምቢ አልኳት። ፊደል ያስቆጠርሽኝ ለእንዲህ ያለው ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው? እኔና አንቺ ስንጣላም ስንታረቅም በጌዴኦኛ ነበር፤ ፊደሉን ግን በአማርኛ ነው ያስያዝሽኝ፣ ስለዚህ በእሱ እጽፋለሁ። ከጀመርኩት ሦስት ቀን ሆነኝ። ፊደሎቼ ባቄላ ባቄላ ያክላሉ፣ ግን ይነበባሉ።

የቤቱን ነገር ላስቀድም። በምዕራብ በኩል መስኮት ይውጣ እያልሽ ስንት ዓመት የነዘነዝሽኝን፣ ነፋስ ያስገባል ብዬ እምቢ ያልኩሽን፣ አምና አወጣሁት። ነፋስ ያስገባል፤ እኔ ልክ ነበርኩ። ግን ከውስጥ ቁጭ ብሎ ቡናውን እስከ ወንዙ ድረስ ማየት ይቻላል። እዚያ ላይ አንቺም ልክ ነበርሽ። ጥቁሯ ላም ሁለት ጊዜ ወልዳለች። ታሪኩ አሁንም ሀዋሳ ነው፤ እሁድ እሁድ ከጸሎት ስንወጣ ይደውላል። የልጅ ልጃችን ድምፅ ጎርንኖ፣ ባለፈው ጊዜ ስልኩን ሲያነሳው አባትየው መስሎኝ ለምን አትመጣም ብዬ አንድ ሙሉ ተግሣጽ አወረድኩበት። ዝም ብሎ ከሰማኝ በኋላ «እሺ አያቴ፣ ለአባቴ እነግረዋለሁ» አለኝ። አልጋው ላይ አሁንም በግድግዳው በኩል ነው የምተኛው፤ ያንቺ በኩል ያንቺው ነው።

የጻፍኩልሽ ግን ስለ ምስራች ነው። ስትሄጂ አሥራ አንደኛ ክፍል የነበረችው ቀጭን ልጅ፣ ዛሬ እዚሁ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለተኛ ዓመቷን ልትጨርስ ነው። የምትማረው ቢዝነስና ኢኖቬሽን ይባላል። ኢኖቬሽን ምንድን ነው ብላት «ያለውን ነገር ማንም ባላሰበው መንገድ አሻሽሎ መሥራት ነው፣ አባ» አለችኝ። ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ያስፈልጋል ወይ አልኳት። ሳቀች። የምትስቀው ያንቺን ሳቅ ነው፣ አፏን በእጇ ከድና።

ያችን የመጨረሻ ሳምንት ታስታውሻለሽ? እጄን ይዘሽ «ይህችን ልጅ ከትምህርቷ እንዳታስቀራት» አልሽኝ። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር። ስለ ልጅ አደራ ይሰጣሉ እንጂ አባትን እንደ ሌባ ያስጠነቅቃሉ ወይ ብዬ። አንቺ ግን ታውቂኝ ነበር። በዚህ ወር ለጥቂት ነው ያላስቀረኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነሱ ክፍል ውስጥ ተማሪው ሁለተኛ ዓመት ሲጨርስ፣ የቀሩትን ኮርሶች የትኛውን መቼ እንደሚወስድ ራሱ ያቅዳል። የቀረው ሁለት ዓመት ነው፣ አራት ሴሚስተር። መጨረሻ ላይ ደግሞ ተምሮ ምን ሥራ እንደሚፈጥር ይጽፋል። አማካሪ አስተማሪው ካልፈረመበት ለሚቀጥለው ሴሚስተር አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ ደግሞ ዓመት ይጠብቃል። ቀኑ አርብ ያልቃል። ምስራች ቅዳሜ ወረቀቷን ይዛ መጣች፣ ባዶ ሳጥን ሳጥን የተሠራበት። ልትፈጥረው ያሰበችው ሥራ የጓሯችንን የእንሰት ቡላ አድርቆ፣ በንጹሕ አሽጎ፣ ስም አውጥቶለት ለዲላና ለሀዋሳ ሱቆች ማቅረብ ነው። ያንቺን ቡላ ማለቷ ነው። ሰው ከይርጋጨፌ ድረስ እየመጣ «ከወርቅነሽ ቤት ነው?» ብሎ ይጠይቅ የነበረውን።

እኔ ወረቀቱን ተቀበልኳት። «ለእቅድ ከሆነ ሰው ጋ መጥተሻል» አልኳት። «ይህን ሁሉ ማሳ ያቀደው ማን ይመስልሻል?» ቀና ሳትል ብዕሯን አወጣች።

ከዚያማ እኔ ተናጋሪ፣ እሷ ጸሐፊ ሆንን። የኮርሶቹን ስም አንድ በአንድ አስነበብኳት። ፍሬ ያለው የቱ ነው አልኳት። ንግድ ማቋቋም የሚባል አለ፣ የገበያ ጥናት የሚባል አለ፣ የምርት ፈጠራ የሚባል አለ። እነዚህን በሙሉ መጀመሪያው ሴሚስተር ላይ አስገቢ አልኳት። ስታትስቲክስ የሚሉት ከቁጥር ጋር የሚያታግል አለ፣ የምርምር ዘዴ የሚባል አለ፣ ኢኮኖሚክስ አለ። እነዚህ መጨረሻ ላይ ይድረሱ፣ ባይደርሱም ግድ የለም አልኩ። «አባ፣ ይሄ ይቻላል?» አለችኝ። «ማን ይከለክልሻል? እንጀራ የሚሆንሽን ቀድመሽ ያዢ» አልኳት። ስታትስቲክሱን እሷም ትፈራው ስለነበር ደስ ብሏት ጻፈች።

ሰኞ አስገባች። ማክሰኞ ወረቀቱ ተመለሰ። ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ ሆኗል። ምስራች ከእንሰቱ ኋላ ሄዳ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ መጣችና፣ ይሄ ትምህርት ለእኔ አይደለም፣ ሀዋሳ ታሪኩ ጋ ሄጄ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ አለችኝ። ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ያሰበችበት ሰው አነጋገር። ወርቄ፣ እውነቴን ነው፣ ያን ቃልሽን ያኔ ጆሮዬ ላይ ሰማሁት። እኔ ደግሞ ስፈራ እንደምቆጣ ታውቂያለሽ።

ረቡዕ ጠዋት ኮቴን ለበስኩ፣ ባርኔጣዬን ደፋሁ፣ ከጪጩ ባጃጅ ይዤ ዲላ ገባሁ። በር ላይ ጥበቃው «አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ። «የልጄን ወረቀት ቀይ የቀባውን ሰው» አልኩት። ሳቁን ዋጥ አድርጎ «እሱማ እዚህ ብዙ ነው፣ ስሙን ይንገሩኝ» አለኝ። ስሙን አላውቅም። ምስራች ተጠርታ እየሮጠች መጣች፤ ሳታየኝ በፊት ባርኔጣዬን አይታ ነው መሰለኝ ከሩቅ ጀምሮ ራሷን ይዛለች። «አባ፣ በፈጠረህ፣ እዚያ እንዳትቆጣ» አለችኝ። «እኔ መቼ ተቆጥቼ አውቃለሁ» አልኳት።

አማካሪዋ ሴት ናት፣ ገና ወጣት፤ ከወደ ሰሜን የመጣች መሆኗ ባነጋገሯ ያስታውቃል። ተነስታ ወንበር ሰጠችኝ። እኔ አልተቀመጥኩም። «ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ቡና እተክላለሁ፤ እቅድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ይሄ ቀይ ምንድን ነው?» አልኳት። እሷ አልተቆጣችም። «አባባ፣ እኔ ቡና መጠጣት እንጂ መትከል አላውቅም። ይህን ግን አውቃለሁ፣ እስቲ አብረን እንየው» ብላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ትልቅ ወረቀት ፊት አቆመችኝ። ኮርሶቹ በሙሉ እዚያ አሉ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ቀስት ተስሏል። ጣቷን አስቀምጣ አስረዳችኝ። ስታትስቲክስ ሳትማር የገበያ ጥናት ብትገባ፣ ሰው ምን እንደሚፈልግ ጠይቃ ትመጣለች፣ የመጣውን መልስ ግን ማንበብ አትችልም። የገበያ ጥናት ሳይኖራት ንግድ ማቋቋም ብትገባ፣ ማን እንደሚገዛት ሳታውቅ ታመርታለች። «ጎበዝ ልጅ ናት» አለችኝ፤ «በዚህ አያያዝ ግን ከመጀመሪያው ሴሚስተር አትተርፍም። ይህን ማን እንደመከራት ነው የገረመኝ።»

ምስራች ጫማዋን እያየች ዝም አለች።

እኔ ቀስቶቹን አንድ በአንድ በዓይኔ ተከተልኩ። ፊደል ሳነብ እንደምዘገየው ቀስቱንም ዘግይቼ ነው ያነበብኩት። ስጨርስ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ያየሁት ወረቀት አልነበረም። ያን ተዳፋት ነው ያየሁት።

አንቺ አልረሳሽውም። ከተጋባን አንደኛ ዓመታችን ነበር። ቡና ፀሐይ ካገኘ ቶሎ ያፈራል ብዬ፣ ከአባቴ የደረሰኝን ተዳፋት ዋንዛውንም ብርብራውንም ቆርጬ ራሰ በራ አደረግሁት። ችግኙን በገመድ ለክቼ ደረደርኩት። ወንድሞቼን በአንድ ዓመት ልበልጣቸው ነው። አንቺ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ ቆመሽ፣ ይሄ ሕፃን ችግኝ ጥላ የለውም፣ መጀመሪያ እንሰቱ ይግባ አልሽኝ። እኔ ደግሞ እንሰት የሴት ነው፣ ቡና የወንድ ነው፣ በየሥራችን እንግባ አልኩሽ። ይህን ብዬ አሪቻ ቡና ማጠቢያ ሥራ ሄድኩ። ሦስት ወር ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ሳገላብጥ፣ የራሴ ቡና እቤት ምን እየሆነ እንደነበር አላሰብኩም።

ጥር ላይ ስመለስ ተዳፋቱ ሌላ ሆኗል። ከጓሮሽ ደረት ደረት የሚያክል እንሰት ነቅለሽ፣ ተሸክመሽ፣ በችግኞቼ መሃል ተክለሽዋል። ውኃ ከወንዝ አመላልሰሻል። አልደርስ ብሎሽ ባዶውን የተውሽው ዳር ላይ ያለው ቡና በእሳት የተጠበሰ መስሏል። እንሰቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ነው። አንድ ሳምንት አላነጋገርኩሽም። የተናደድኩት በሠራሽው አልነበረም፤ ልክ ስለሆንሽ ነው።

ከዚያ ጎረቤት መጣ። ማሳውን ዞሮ አየና «ሽፈራው፣ ይህን ነገር እንዴት አሰብከው?» አለኝ። እኔም «አስቤበት ነው» አልኩ። አንቺ ውኃ ተሸክመሽ በአጠገባችን ታልፊ ነበር። ሰምተሻል። ቀና አላልሽም፣ ማድጋውን አስተካክለሽ አለፍሽ። ያን ቀን ብትናገሪኝ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሙሉ ለመጣው ሁሉ፣ ለግብርና ባለሙያውም ለአማቹም ለልጆቻችንም፣ እኔ አቀድኩት እያልኩ ኖርኩ። ስደጋግመው እኔም አመንኩት።

ምስራች ጫማዋን እያየች ዝም ስትል ያን ማድጋ አየሁት። «የመከርኳት እኔ ነኝ» አልኩ ለአስተማሪዋ። «እስከ አርብ ይቃናል።» ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ። ምስራች ባጃጁ ውስጥ ክንዴን ያዘችኝ።

ሐሙስ ክፍሏን ጨርሳ ስትመጣ ደጅ ጠበቅኋት። የሳሙና ካርቶን በቢላ ቆራርጬ አዘጋጅቻለሁ። በየካርቶኑ ላይ አንድ አንድ ኮርስ ጻፊ አልኳት። ከዚያ ግቢው ውስጥ አራት መስመር አሰመርኩ፣ ለአራቱ ሴሚስተር፣ ልክ ማሳ እንደምናሰምረው። አሁን ንገሪኝ አልኳት፣ እንሰቱ የቱ ነው? ቶሎ የሚደርስ፣ ለሌላው ጥላ የሚሆን። ብርብራው የቱ ነው? ሲያድግ የሚያዘገይ፣ ካደገ በኋላ ግን ዕድሜ ልክ የሚቆም። ቡናው የቱ ነው? ገባት። ዓይኗ ሲበራ ያንቺን ዓይን አየሁ። ኢኮኖሚክሱና የምርምር ዘዴው እንሰት ሆኑ። ስታትስቲክሱ ብርብራ ሆነ። «አባ፣ እሱን እንኳ ለሁለተኛው ሴሚስተር ላድርገው፣ እፈራዋለሁ» አለችኝ። ብርብራ የሚፈራ ሰው ብርብራውን ዛሬ ይተክላል አልኳትና መጀመሪያው መስመር ላይ ድንጋይ ጫንኩበት። የገበያ ጥናቱን ከእሱ ቀጥሎ አደረግነው፣ የምርት ፈጠራውን ከዚያ ቀጥሎ። ንግድ ማቋቋም መጨረሻው መስመር ላይ ገባ፣ በሁሉም ጥላ ሥር። ዶሮዋ መጥታ የንግድ ሕግ የተጻፈበትን ካርቶን በእግሯ ጭራ ሦስተኛው መስመር ላይ ጣለችው። ብናየው እዚያው ይሻላል፤ ተውነው።

በፈቃድ የሚመረጥ አንድ ኮርስ ቀርቶ ነበር። የባንክ ሥራ የሚባለውን ያዢ አልኳት፣ ወንበር ያለው ሥራ ነው። እሷ የምግብ አያያዝና አስተሻሸግ የሚለውን አንስታ ለቡላው ይህ ነው የሚያስፈልገኝ አለች። ተከራከርኳት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ወርቄ፣ ያን አቋቋም የማውቀው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። «እሺ፣ እንደፈለግሽ» አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ቶሎ ተሸንፌ አላውቅም።

የመጨረሻውን ገጽ ለብቻዬ አነበብኩት፣ እሷ ላም ልታልብ ስትሄድ። ሊፈጠር ስለታሰበው ሥራ የሚጠይቅ ነው። አንዱ ጥያቄ የሐሳቡ መነሻ ከየት ነው ይላል። ምስራች እንዲህ ብላ ጽፋለች፤ አባቴ ከአርባ ዓመት በፊት በገዛ ሐሳቡ ቡናን ከእንሰት ጋር አዛንቆ ከተከለበት ማሳ።

ያን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? አስተማሪዋ ትፈርማለች፣ ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ሽፈራው ያቀደው ማሳ ተብሎ በመንግሥት ወረቀት ይቀመጣል። ደስ ይለኝም ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን አንድ ጊዜ ያለ ጥላ ተክዬ አይቼዋለሁ፤ በቀዩ ወረቀት ደግሞ ሁለተኛ አየሁት። የልጄ ሥራ በውሸት ላይ ቆሞ ሦስተኛ ጊዜ ሲጠወልግ አላይም አልኩ።

ወተቱን ይዛ ስትመጣ «ይህን ሰርዢው» አልኳት። «የእኔ አይደለም። የእናትሽ ነው።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ የገመዱን፣ የአሪቻውን፣ የተጠበሰውን ቡና፣ ማድጋውን። ቆሜ ነው የነገርኳት። ስጨርስ መሬት መሬት አየሁ።

ምስራች ወተቱን አስቀመጠችና አፏን በእጇ ከድና ሳቀች። «አውቃለሁ እኮ፣ አባ» አለችኝ። «እማ ነግራኛለች። ቡላ ስንጨምቅ ነው የነገረችኝ። አባትሽ ራሱ እስኪናገር ድረስ አንቺ እንዳትናገሪ፣ ይዘገያል እንጂ መናገሩ አይቀርም ብላኛለች።»

ይህን ስትሰሚ የምትስቂ ከሆነ፣ ሳቂ። አርባ ዓመት እኔ ደበቅሁሽ ስል፣ አንቺ ነሽ ስትጠብቂኝ የነበርሽው። ቀና ሳትይ ያለፍሽው ለካ ጊዜ ልትሰጪኝ ነው። እኔ ደግሞ ትታዋለች ብዬ በራሴ ስኮራ።

ምስራች ያን መስመር ሰረዘች። በእሱ ቦታ ስምሽን ጻፈች፣ ወርቅነሽ ብላ፣ የአባትሽን ስም ጨምራ። ከሥሩ የቤተሰብ ምስክር የሚል ቦታ አለ። የጣት አሻራ ለማድረግ ቀለሙን ስታቀርብልኝ ገፋሁት። ብዕር ወስጄ ፈረምኩ፣ ባስተማርሽኝ ፊደል።

አርብ ጠዋት ወረቀቱ ገባ። አስተማሪዋ በሰማያዊ ቀለም ፈረመችበት። ከቀዩ ሰማያዊው ያምራል። ምስራች ለሚቀጥለው ሴሚስተር ተመዝግባለች፤ ከትምህርቷ አልቀረችም። አሁን ስታትስቲክሱን ከጓደኛዋ መጽሐፍ ተውሳ ከወዲሁ እየታገለችው ነው፤ እዚያ አዲሱ መስኮት ሥር ተቀምጣ። ሲያስቸግራት ቀና ብላ ማሳውን ታያለች። አማካሪዋ ደግሞ ቡናው ሲቀላ ተማሪዎቿን ይዛ መጥታ ማሳውን ማየት እንደምትፈልግ ልካብኛለች። ይምጡ ብያለሁ። ያኔ የተከልሽው እንሰት ተበልቶ አልቋል፤ የልጅ ልጆቹ ግን እዚያው ቦታ ላይ ናቸው። በኋላ ያስገባሻቸው ብርብራዎች ደግሞ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፋቸውም።

ከሥራቸው ቆሜ ነው የምቀበላቸው። ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። ይህን ማን አሰበው ብለው ሳይጠይቁኝ በፊት ስምሽን እነግራቸዋለሁ፤ ለጎረቤቱም፣ ለአማቹም፣ በመንገድ ለሚያልፈውም እንደዚያው። አርባ ዓመት የተናገርኩትን ለማረም ዕድሜ ይበቃኛል ብዬ አምናለሁ፣ ባይበቃኝም ምስራች ትጨርሰዋለች። ጉልበቴ ያን ቁልቁለት እምቢ ካለኝ ከዘራውን ከበሩ ኋላ አነሳለሁ። ለዚህ ለዚህማ አላፍርም።

ባልሽ
ሽፈራው